ዝቅ ብሎ የተዘፈነው

የሠርግ አዳራሹ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋና ወዲያው መጣ። እንግዶቹ ልብ እንኳ አላሉትም። የኪቦርድ ተጫዋቿ ልብ ግን ስንጥቅ አለ። ኪቦርዱ ጠፍቶ ሲነሣ የተስተካከለለትን ሁሉ ይረሳል።

ዘፋኙ ባሏ አንድ የድሮ የፍቅር ዘፈን ሃያ ዓመት በየሠርጉ ዘፍኖታል። የተዘጋ በር ላይ ቆሞ ስለሚለምን አፍቃሪ ነው፤ መጨረሻው ላይ ድምፁ ሽቅብ የሚወጣበት ቦታ አለ። ሰዉ «ጣራው» የሚል ቅጽል ያወጣለት በዚያ ነው። አምና ድምፁ እዚያው ቦታ ላይ ተሰነጠቀና ለቀናት እህል አልቀምስ አለ። ከዚያ ወዲህ እሷ፣ ሳትነግረው፣ ከሠርጉ በፊት በኪቦርዱ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ቁልፍ ዜማውን ዝቅ ታደርግለታለች። እሱ ግን ለድምፁ ብላ የምትገዛለትን ዝንጅብል ስለሚጠጣ «ዝንጅብሉ ሠራልኝ» እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራል። እሷም ዓይኑን ሳታይ «ዝንጅብል ደግ ነው» ትላለች።

አሁን ከጎኗ ቆሟል። የአዳራሹ ባለቤት ከበሩ ጥግ እጁን አጣምሮ ያያቸዋል። «የባልሽ ድምፅ ዛሬ ከተንሸራተተ በኮምፒውተር ዘፈን የሚያጫውተውን ልጅ ነው የማመጣው» ብሏታል ጠዋት፣ ለብቻዋ።

«ጀምሪ እንጂ፣ ሙሽሮቹ ቆመዋል» አላት ባሏ።

«ትንሽ ላስተካክል።»

«ምኑን? ሃያ ዓመት የተጫወትሽውን?»

ቁልፏን ሳትነካ ብትጀምር በሰው ፊት ይዋረዳል። ብትነካት በእሷ ፊት።

«ኧረ ጣራው፣ ያቺን ዘፈን» አለች የሙሽራዋ አክስት ከፊት ወንበር። «ባሌን ያገኘሁባትን።»

«እኔም የተሸወድኩባትን» አለ የአክስቲቱ ባል ከጎኗ፤ ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ።

ቁልፏን ሁለቴ ተጫነች። በኪቦርዱ ትንሽ መስኮት ላይ ዜማው ስንት እንደወረደ የሚያሳየው ቁጥር በራ። ባሏ ቁጥሩን አየ፤ ቀጥሎ እሷን አየ።

«ዝንጅብሉ ይሄ ነው?» አላት ቀስ ብሎ።

 መግቢያውን ተጫወተች። እሱ የሚገባበት ቦታ ደረሰ፤ ዝም አለ። መግቢያውን ደገመችው። አሁንም ዝም። የአዳራሹ ባለቤት ከጥጉ ተነቀለ።

ዘፈኑን የጀመረችው አክስቲቱ ነበረች፣ በተሰባበረ ድምፅ። የራሷ ባል ተቀበላት፤ ከዚያም አዳራሹ ሁሉ። ዘፈኑ ሲወጣ ያልተወለዱት ሚዜዎች ሳይቀሩ ግጥሙን ከነትንፋሹ ያውቁታል። ስለ ከፍታው የተጨነቀ ማንም የለም፤ ሁሉም በየራሱ በር ላይ ቆሞ ይለምናል።

ዘፋኙ አዳራሹን አየ። ወደ ኪቦርዱ ጎንበስ አለ፤ በአውራ ጣቱ ያቺኑ ቁልፍ አንድ ጊዜ ጨምሮ ተጫናት። ዜማው ሌላ ደረጃ ወርዶ ተንገዳገደ፣ ሰዉም አብሮት ተንገዳገደና ተከተለው። ማይኩን አነሣ።

ሽቅብ የሚወጣበት ያ ቦታ ሲደርስ ሚስቱ ዓይኗን ጨፈነች።

ድምፁ አልተሰነጠቀም። ስትገልጥ የአዳራሹ ባለቤት ከንፈሩን ከግጥሙ ጋር ያንቀሳቅሳል።

ዕቃ ሲጠቀልሉ ባሏ የኪቦርዱን ገመድ ወስዶ በክርኑ ላይ ጠመጠመ።

«ከእንግዲህ» አላት፣ «ዝንጅብል እንዳትገዢ።»