መኪናችን ስትታጠፍ

ባለፈው ሳምንት ጉርድ ሾላ ላይ ታክሲ ስጠብቅ፣ አንዲት አሮጌ መኪና ከፊቴ ስትታጠፍ ከፊት ጎማዋ «ቋ፣ ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁና ደሜ ፈላ። ሹፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ያንጎራጉራል። መስኮቱን ደብድቤ «አንተ ሰው፣ ይህን ነገር ለመካኒክ አሳየው!» ብዬ ልጮህበት ምንም አልቀረኝም ነበር። ያንን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ እጠላዋለሁም።

ያደግኩት የካ ውስጥ፣ አያቴ ለሁለት ወንዶች ልጆቹ ትቶት በሞተ ግቢ ነው። በአንዱ ቤት እኛ፣ በሌላው የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሽ ታደሰ ይኖር ነበር። ጋሽ ታደሰ መካኒክ ነበር፤ አባቴ ደግሞ የቢሮ ሠራተኛ ሆኖ አንዲት ነጭ አሮጌ መኪና ነበረችው። የውሃ ቧንቧው በማን ደጅ ይለፍ በሚል ተጣልተው ስለነበር፣ እኔ ነፍስ ሳውቅ ኩርፊያው የቤቱ ወግ ሆኖ ነበር የጠበቀኝ። የግድ የሚባል ነገር ሲመጣ በእኔ በኩል ይነጋገሩ ነበር።

«ሶስና፣ አባትሽን መኪናውን ከበሩ ላይ ያንሳልኝ በይው» ይላል ጋሽ ታደሰ፣ አባቴ እዚያው አጠገቡ ቆሞ እየሰማው።

«ሰምቻለሁ በይው» ይላል አባቴ።

እኔ አፌን እንኳ መክፈት አይጠበቅብኝም ነበር፤ ምሳዬን ሳልጨርስ ተጠርቼ እወጣና መሃላቸው ተገትሬ እቆማለሁ፣ ሲጨርሱ እገባለሁ። እናቴ «ልጄን ስልክ አደረጓት!» እያለች ትበግን ነበር።

ድምፁ የጀመረው በአንድ ክረምት፣ ወደ ግቢያችን የሚያስገባው ኮረኮንች ጭቃ በጭቃ በሆነበት ጊዜ ነው። መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ ዝም ትላለች፣ መሪው እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ ግን ትንጣጣለች። አባቴ መጀመሪያ የጎማውን ብሎኖች አጠበቀ፣ ቀጥሎ የሚንኳኳው ክሪኩ ነው ብሎ ከኋላ አውጥቶ ቤት አስቀመጠው። መስከረም ሲጠባ ጥፋቱን ወደ እናቴ አዞረው። እናቴን ወገቧን ያማት ስለነበር በየሰንበቱ ማለዳ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ይዞን ይወጣ ነበርና፣ «ይኼ ያንቺ ጄሪካን ነው የሚንገጫገጨው» ብሎ የጸበሏን ቢጫ ጄሪካን በገመድ ጠፍሮ አሰረው። መኪናዋ መንጣጣቷን አልተወችም። በመጨረሻ መሪውን ብዙ ሳይጠመዝዝ ሰፋ አድርጎ መዞር ለመደና፣ ድምፁ ሲቀንስለት «ዳነች» አለ።

የግቢያችን በር ግን ጠባብ ስለነበር እዚያ ሰፋ አድርጎ መዞር አይቻልም። በየማለዳው መኪናችን በጋሽ ታደሰ መስኮት ሥር እየተንጣጣች ትወጣ ነበር።

በጋው ሲገባ ድምፁ ባሰበትና እናቴ መፍራት ጀመረች። «ወንድምህ አንዴ ቢያያት ምናለ? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» አለችው።

«ከእሱ እጅ ገደል ይሻለኛል!»

«እሺ፣ እኔ ልጠይቀው።»

«ከጠየቅሽው፣ ጸበል በእግርሽ ነው የምትሄጂው!»

ያንን አቀበት በዚያ ወገቧ በእግር መውጣት እንደማትችል ያውቃል። አልጠየቀችውም። ገደል ይሻለኛል ሲል አብረውት የሚገቡት እነማን እንደሆኑ አላሰበም፣ ወይም አስቦ ግድ አልሰጠውም፤ የትኛው እንደሚብስ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጥር ላይ፣ አንድ እሑድ ማለዳ፣ በባሕር ዛፎቹ መሃል አቀበቱን ስንወጣ፣ ከባዱ ኩርባ ላይ አንድ ነገር ከሥራችን ጓ ብሎ ተሰበረ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ወደ ፊት መሄዷን ትታ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። አባቴ ደንግጦ ፍሬን ሲረግጥና መሪውን ሲያዞር የኋላው ጎማ ቦይ ውስጥ ገባና መኪናዋ በጎኗ ተጋደመች። እናቴ ከፊት ወንበር ዞራ እኔን ለመያዝ እጇን ዘርግታ ነበር፤ ክንዷ በወንበሩና በበሩ መሃል ተቀርቅሮ ተሰበረ። እንጨት ለቀማ የወጡ ሴቶች ከጫካው ሮጠው መጥተው፣ «ወይኔ ልጄን» እያሉ አወጡን።

ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ተጎትታ ግቢ ገባች። ጋሽ ታደሰ ማንም ሳይጠራው በክሪክ አንስቶ ከሥሯ ገባና የተቀዳደደ ጥቁር ላስቲክ ይዞ ወጣ። አባቴ ክንዷ በጀሶ የታሰረ እናቴን ደግፎ ከሐኪም ቤት ሲመለስ፣ ጋሽ ታደሰ እኔን ሳይጠራ ፊት ለፊት አናገረው።

«ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መገጣጠሚያ ነው። ላስቲኩ ተቀዶ፣ ግራሶው አልቆ፣ ጭቃ ሲበላው ከረመ። ከክረምት ጀምሮ በድምፁ አውቄዋለሁ።»

«አውቀህ ነው ዝም ያልከው?»

«መቼ ጠየቅከኝ?»

እናቴ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ ወደ ቤት ገባች። ስለ በሩ፣ ስለ ውሻው፣ ስለ ቆሻሻው በእኔ በኩል ሲላላኩ የኖሩ ሰዎች ናቸው! «መኪናዋ አደገኛ ናት በይው» ማለት አንዱን ምን ይጎዳው ነበር? «እስቲ ይያት በይው» ማለትስ ሌላውን?

በፋሲካ ሽማግሌ ገብቶ አስታረቃቸው። ጋሽ ታደሰ መገጣጠሚያውን ከነላስቲኩ ቀየረው፣ መኪናዋም ዝም አለች።

ዛሬ ሁለቱም ሸብተዋል። በዓል በመጣ ቁጥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ያንን እሑድ እየተቀባበሉ እንደ ቀልድ ያወሩታል፤ አንዱ የመኪናዋን ድምፅ በአፉ ያሰማል፣ ሌላው በአየር ላይ መሪ ይጠመዝዛል፣ እንግዳው ሁሉ ይንከተከታል። ያኔ አንዲት ቃል ያጡ ሰዎች ዛሬ ወሬ አያልቅባቸውም። እናቴም አብራ ትስቃለች። እኔ አልስቅም። አጥንቱ ገጥሟል ቢባልም ጣቶቿ እንደ ድሮው አይታዘዙላትም። ባለፈው በዓል ልጄ አያቷ ሹሩባ እንድትሠራት ከእግሯ ሥር ቁጭ አለች፤ እናቴ ፀጉሯን ከፍላ አንዱን ጉንጉን ጀመረችና፣ ጣቶቿ እምቢ ሲሏት ማበጠሪያውን ቀስ ብላ ለእኔ አቀበለችኝ። ወንድማማቾቹ ከጎናችን ገና እየሳቁ ነበር።