በኩፖን የተገደፈ ሁዳዴ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፣ ለጓደኞቼ አልነገርኩም፣ ለንስሐ አባቴማ ጨርሶ አይሞከርም፤ ለምን እንደማይሞከር ቦታው ሲደርስ ትረዱኛላችሁ። ስለዚህ የቀራችሁልኝ እናንተ ናችሁ፣ የማታውቁኝ አንባቢዎች። ቁጭ በሉና ስሙኝ። እኔ ደረጀ፣ ዴንቨር ኤርፖርት መንገደኛ የማመላልስ የሻትል ሾፌር፣ የሁለት ልጆች አባት፣ የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ጾም አስገድፌአለሁ። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይዤው እሞት ነበር። እኔ ግን ያስገደፍኩት ሁዳዴን ነው። ያውም በኩፖን!

ነገሩ የጀመረው በእልህ ነው። ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ቤት ከገዛን ወዲህ የግሮሰሪ ወጪ አናታችን ላይ ወጣ። አንድ ቀን ስልኬ ላይ ማስታወቂያ አየሁ። በየወሩ ትንሽ ክፍያ ከከፈልክ፣ የትኛው ሱቅ ምን ላይ ቅናሽ እንዳደረገ፣ ዋጋ ከሚያስቀንሱት ኩፖኖች የትኛው ከየትኛው ቅናሽ ጋር እንደሚገጥም እነሱ ራሳቸው አዛምደው በየሳምንቱ ዝርዝር ይልኩልሃል። ያንተ ሥራ ሄዶ ማንሳት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ቅናሽ የሚል ጽሑፍ ካየሁ ማለፍ አልችልም። ተመዘገብኩ። ባለቤቴ ሰናይት ስትሰማ የምትከትፈውን ሽንኩርት ትታ አየችኝ።

«ገንዘብ ለመቆጠብ ገንዘብ ትከፍላለህ? ጤነኛ ነህ አንተ?»

ትልቋ ልጄ ደግሞ ከሶፋው ሳትነሳ «ዳዲ፣ ዩ ፔይድ ፎር ኩፖንስ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ በዚያች ሰዓት ነው የጠፋሁት። ከዚያ ወዲያ የምቆጥበው ለቤቴ አልነበረም፤ ሰናይት በገዛ አፏ «ተሳስቼ ነበር» እንድትለኝ ነበር። ሰው ለዚህ ብሎ ኃጢአት ውስጥ ይገባል? እኔ ገባሁ።

እውነቱን ልናገር፣ ዝርዝሩን የሚልክልኝ የኩፖን ሰርቪስ አልዋሸኝም። ኩፖኑም ይገጥማል፣ ቅናሹም አለ። ችግሩ የኛ ቤት ነው። የኛ ቤት የሚበላው ሽንኩርት፣ ምስር፣ ዘይት፣ ሩዝና ሽሮ ነው። ለሽሮ ኩፖን ያወጣ ሰው እስካሁን አልተወለደም። ለእኔ የሚመጣልኝ ዝርዝር አይብ፣ ሆት ዶግ፣ እርጎ፣ የሰላጣ ማጣፈጫ፣ ሰናፍጭ፣ የውሻ ምግብ ነበር። ውሻ የለንም። ግን የውሻው ምግብ በነጻ ሊባል በሚችል ዋጋ ነበርና ገዛሁት። ጋራዡ ውስጥ መኪና ፓርክ ማድረግ እስኪያቅተን ድረስ ሰናፍጭ ደረደርኩ። አንዱን ኩፖን ፒዮሪያ ስትሪት፣ ሌላውን ቻምበርስ ሮድ እያልኩ ስባዝን የማቃጥለውን ቤንዚን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ለምን አስባለሁ? መሸነፌን የሚነግረኝን ነገር ሁሉ አላይም ብዬ ነበር።

የሰናይት እናት እማማ በላይነሽ ከአዲስ አበባ የመጡት አምና፣ ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። እማማ በጾም ቀልድ አያውቁም። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። እኔ ደግሞ አልጾምም። ለጠየቀኝ ሁሉ «ሾፌር ነኝ፣ ራሴን ያዞረኛል» እላለሁ፤ ውሸት ነው፣ ሆዴን ስለምወድ ነው። እማማ ይህን ያውቃሉ። አንድም ቀን ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም፤ በጾም ሃምበርገር ይዤ ስገባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ፣ በቃ።

የቅበላ ዕለት ሁላችንንም ሰበሰቡን። «ዘንድሮ ስለት ተስያለሁ» አሉ። «ይህን ሁዳዴ አንዲት ቀን ሳልገድፍ እጨርሳለሁ፤ እመቤቴ ከሰማችኝ ደግሞ ዣንጥላ አስገባላታለሁ ብያለሁ። ምን እንደለመንኳት አትጠይቁኝ። ብቻ አደራችሁን፣ የምበላውን እዩልኝ። የዚህ አገር ምግብ ውስጥ ምን እንደሚገባ እኔ ማንበብ አልችልም።»

አደራ አሉ። እኔም በነዚህ ጆሮዎቼ ሰማሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ሰርቪሱ ስጠብቀው የነበረውን ላከልኝ፤ የአትክልት ሾርባ፣ በጣሳ። የሱቁ ቅናሽ፣ የወረቀቱ ኩፖንና የስልኩ ኩፖን ሦስቱ ተደራርበው የአንዱን ጣሳ ዋጋ ከማስቲካ በታች አወረዱት። ጣሳው ላይ ካሮት፣ ድንችና አተር ተስሏል። ከዚህ ወዲያ የጾም ምግብ ምን አለ? ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ስምንት ብቻ ስለነበር እማማንም አሰለፍኳቸው። ነጠላቸውን እንዳጣፉ ስምንት ጣሳ በጋሪ እየገፉ ከኋላዬ ቆሙ። ከዚያ ወደ ሌላኛው ቅርንጫፍ ወስጄ እንደገና አሰለፍኳቸው፣ በማግስቱም እንደገና። ጉዳቸውን በገዛ እጃቸው አስገፋኋቸው።

ሰናይት ከሥራ ስትገባ ጣሳዎቹን አይታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ጀርባውን አንብበሃል?» ሰናይት ጾም በገባ ቁጥር የዳቦውን ላስቲክ ሳይቀር አገላብጣ የምታነብ ሴት ናት። እኔም «አንብቤአለሁ» አልኩ። አላነበብኩም። መነጽሬ መኪና ውስጥ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር፣ ደግሞ ካሮት ተስሎበታል። ይህን ሁሉ የምደረድረው ምክንያት ይሆነኛል ብዬ ነው? አይሆነኝም። አንብቤአለሁ አልኩ፣ አላነበብኩም፣ አለቀ።

እማማ ሾርባውን ወደዱት። ሽሮ ቃር ይለቅባቸው ስለነበር እፎይ አሉ። የጠዋት ሺፍቴን ጨርሼ ስለምገባ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሙቄ፣ ሎሚና ሚጥሚጣ ጣል አድርጌ የማቀርብላቸው እኔ ነበርኩ። ጭልፋው እኔ እጅ ላይ ነበር። ሲጨርሱ «እድሜ ይስጥህ፣ ክፉ አይንካህ» ይሉኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ። ቀናት ሲያልፉ እማማ እየበረቱ መጡ። «ሌላ ጊዜ ይሄኔ ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር» ይላሉ፣ «ዘንድሮ ጾሙ ራሱ ያበረታኛል። የእመቤቴ ሥራ ነው!» ስግደታቸውንም ጨመሩ። ከምንጣፉ ላይ እንደ ልጃገረድ ብድግ ይሉ ነበር።

አንድ ረቡዕ ሰርቪሱ ተጨማሪ ተመላሽ ገንዘብ እንዳለኝ ነገረኝና የጣሳውን ጀርባ ፎቶ አንስተህ ላክ አለኝ። ጋራዥ ወረድኩ፣ መነጽሬን አደረግኩ። ባርኮዱን ስፈልግ ዓይኔ ከሱ በላይ ባለችው ደቃቅ ጽሑፍ ላይ አረፈ። ውሃ፣ ካሮት፣ ድንች፣ የበሬ መረቅ።

የበሬ መረቅ! ሌላ ጣሳ አነሳሁ፤ በሬ። ሦስተኛውን አነሳሁ፤ በሬ። ለካ ጋራዡ ሙሉ በሬ ነው የታጎረው። ከላይ ደግሞ የእማማ ስግደት ይሰማኛል፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ጉድ ፈላ! አበረታኝ ይላሉ እኮ፣ ለምን አያበረታቸው!

እስከዚህ ድረስ ያለውን ስህተት ነው ልትሉልኝ ትችላላችሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ስህተት አይደለም። ያኔውኑ ደረጃውን ወጥቼ «እማማ፣ አጥፍቻለሁ» ብል ምን እሆን ነበር? ያዝኑ ነበር፣ ያለቅሱ ነበር፣ ንስሐ ገብተው ስለታቸውን እንደ አዲስ ይይዙ ነበር። እኔ ግን ጋራዥ ውስጥ ቆሜ ለራሴ ስብከት ጀመርኩ። ሳያውቁ የበሉት አይቆጠርባቸውም አልኩ። ብነግራቸው ልባቸው ይሰበራል አልኩ። ዝም የምለው ለሳቸው ብዬ ነው አልኩ። አዬ ተንኮል! ለሳቸው አልነበረም። የፈራሁት ሰናይትን ነው። «አላልኩህም?» የምትለዋን አንዲት ቃል ፈርቼ የእናቷን አደራ በላሁ።

ዝም ብዬ ብቀር እንኳ አንድ ነገር ነበር። እኔ ጨመርኩበት። ሰናይት አንዷን ጣሳ አንስታ እንዳታነብ፣ የቀሩትን በሙሉ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ወረቀታቸውን አንድ በአንድ ላጥኩ። ራቁታቸውን ተደርድረው ስታያቸው ምን እንደሆኑ ጠየቀችኝ። «ያው ሾርባው ነው፤ ወረቀት የሌለው በበለጠ ቅናሽ ይሸጣል፤ ሰርቪሱ ነው ያገኘልኝ» አልኳት። ትንሽ አሰብ አደረገችና «እንግዲህ ይሄ ሰርቪስህ ሳይጠቅም አልቀረም፤ ተሳስቼ ነበር» አለች። ስንት ወር የጠበቅኳት ቃል መጣች። ደስ አለኝ? አዎ፣ ደስ አለኝ። እሱንም አልደብቅም፤ ለአሥር ደቂቃ ያህል በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሞቅኩላቸው። አሁን እያወቅኩ። «አልቋል» ማለት አልችልም ነበር? እችል ነበር። ግን እማማ ጣሳዎቹን በዓይናቸው ያያሉ፣ ሰናይትም ታያለች፣ ስለዚህ አሞቅኩ። በማግስቱም አሞቅኩ። አስገደፍኳቸው፣ ደግሜ አስገደፍኳቸው። በሰሙነ ሕማማት ቆሎና ዳቦ ብቻ እየቀመሱ ስለዋሉ ያቺ ሳምንት ተርፋለች፤ እሷም የተረፈችው በሳቸው ብርታት እንጂ በእኔ አይደለም።

አሁን ለንስሐ አባቴ ለምን እንደማልነግር ልንገራችሁ። ጣሳዎቹን ከላጥኩ በኋላ፣ ሕማማት ሳይገባ፣ አንድ ቅዳሜ እማማን ሊጠይቁ ቤት መጡ። እማማ የሾርባውን ሳህን ራሳቸው ይዘው ወጡ። «አባቴ፣ ይቺን ይቅመሱልኝ፤ ዘንድሮ ያቆመችኝ እሷ ናት።» ቄሱ ባርከው ማንኪያ አነሱ። እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጫለሁ። አፌን መክፈት ነበረብኝ፤ ከፈትኩም። የወጣው ቃል ግን «ዳቦ ላምጣልዎት?» የሚል ነበር። ሁለት ሳህን በሉ። «ምን ብትጨምሩበት ነው እንዲህ የጣመው?» ብለውም ጠየቁ። እማማ «ሎሚ ነው» አሉ። እንግዲህ እኚህን ሰው ነው ሄጄ «አባቴ፣ ይፍቱኝ» የምላቸው?

የስቅለት ዕለት እማማ ቤተ ክርስቲያን ቀኑን ሙሉ ሲሰግዱ ዋሉ። ወጣቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ያርፋሉ፣ እሳቸው አያርፉም። ሴቶቹ «እንዴት ያለ ጸጋ ነው!» ይላሉ። እኔ ከኋላ ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ኤርፖርት ስሸኛቸው አንገቴን አቀፉና በጆሮዬ «ያን ጾም የጾምኩት ላንተ ነው» አሉኝ። ምን እንደለመኑልኝ አልነገሩኝም። ወገቤን ያመኝ ስለነበር ለወገቤ መሰለኝ። ፓርኪንግ ውስጥ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እሳቸው ለእኔ ብለው ተራቡ፤ እኔ በሬ አበላኋቸው። በዚያው ሳምንት ሰርቪሱን ካንስል አደረግኩት። ሰናይት ግራ ገባት። «ገና አሁን ጠቀመ ስልህ?»

ዘንድሮ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ልናገር ቆርጬ ደወልኩላቸው። «እማማ» ከማለቴ ቀደሙኝ። «ወደዚህ የሚመጣ ሰው ስታገኝ ያን የጾም ሾርባ ላክልኝ። ለማኅበሬ ሴቶች ሁሉ ነግሬአቸው እየጠበቁ ነው።» የማኅበራቸው ሴቶች አሥራ ሁለት ናቸው! «ከገበያ ጠፍቷል እማማ» አልኩ። እንደገና ዋሸሁ። ስልኩን ስዘጋ ራሴን ጠላሁት። መናገር ካቃተኝ፣ ያስገደፍኳቸውን ጾም እኔው ልክፈል ብዬ ወሰንኩ። ይኸው ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ እንደሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምኩ ነው። ራሴንም አላዞረኝም። ለምን እንደምጾም ለማንም አልተናገርኩም። ሰናይት «ምን ነካው ይሄ ሰውዬ?» እያለች ግንባሬን ትዳስሳለች፤ ለእናቷም ወዲያው ደውላ ነገረቻቸው።

ትናንት እማማ ደወሉ። ስልኩን ሳነሳ የሰማሁት እልልታ ነው።

«ስለቴ ደረሰ!»

«የወገቤ?» አልኳቸው።

«የምን ወገብ! ልጄ ጾም ይጀምርልኝ ብዬ ነው እኮ የለመንኳት! አንዲት ቀን ሳልገድፍ ጾምኩላት፣ እሷም ሰማችኝ። እሑድ ዣንጥላዬን አስገባለሁ።» ከዚያ ድምፃቸው ሳሳ አለ። «ያ ሾርባህ ነው እኮ ለዚህ ያበቃኝ። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ልጄ።»

አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ስለቱ ደረሰ ብዬ ጥፋቴን የማቀልል እንዳይመስላችሁ። አደራ በልቻለሁ። እያወቅኩ አስገድፌአለሁ። ቄስ ሳይቀር አስገድፌአለሁ። ሚስቴን በበሬ መረቅ ረትቻለሁ። ሰርቪሱ ያዋጣል ወይ የሚለኝ ካለ፣ ቤቱ ሰናፍጭ የሚጨርስ ሰው ከሆነ ይሞክረው፤ ምስርና ሽንኩርት ለሚበላ ቤት ግን አያዋጣም፤ የሚሞክረውም ሰው በእግዚአብሔር ስም ጀርባውን ያንብብ። ለእማማ አሁን ብነግራቸው ዣንጥላቸውን ከእጃቸው መንጠቅ ነው። ባልነግራቸው ደግሞ ማታለሌ እስከ መጨረሻው ነው። ሁለቱንም አልችልምና እናንተን ይቅር በሉኝ እላለሁ፤ አንልም ካላችሁም አልቀየማችሁም።

ይህን የምጽፈው ኤርፖርት መንገደኛ እየጠበቅኩ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል፤ ርቦኛል። እማማ ስለታቸው የደረሰ መስሏቸዋል። እኔ ግን የምጾመው ገና የሳቸውን ነው፤ የራሴን አልጀመርኩም።