ሼሁ ከቀኝ ያነበቡት መኮንን

እኛ አገር የሚበር ሰው ብርቅ አይደለም። ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ቆላ ሲወረድ፣ መስገጃቸውን ውሃው ላይ አንጥፈው ወንዙን የተሻገሩ ወልይ መቃብር አለ ይባላል፤ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ደግሞ ክንፍ ያበቀሉ ጻድቅ ተስለዋል። ሁለቱንም አምኜ ነው ያደግሁት። በንጉሡ ዘመን፣ ስምንተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት፣ ከውጭ አገር የመጣው የእንግሊዝኛ መምህራችን ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ቀጭን የሥዕል መጽሔት ትቶልኝ ሄደ። የዛሬ ልጆች ኮሚክ ይሉታል። ውስጡ ቀይ ጨርቅ ትከሻው ላይ ጥሎ ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚበር ጎልማሳ አለ። እውነት ለመናገር እሱ እምብዛም አልደነቀኝም። አፌን ያስከፈተኝ በየገጹ ጥግ፣ በትንንሽ ሳጥን ውስጥ ብቅ የሚል ሌላ ሰው ነበር። ፈረንጅ ይሁን እንጂ፣ አባቴን አገኘሁት።

ሰውየው የጦር መኮንን ነው። አገጩን ቀና አድርጎ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል፤ ሰው ሲያይ የሸሚዝ ቁልፉ የተፈታበት ይመስል ከላይ እስከ ታች ይመረምረዋል። አንዲት ልጅ አለችው፤ የሚበረው ጎልማሳ ወዳጅ ናት። ልጅቱ አንድ ነገር በፈለገች ቁጥር አባትየው እምቢ ለማለት ከጥግ ይመጣል። ታሪኩ የእሱ አይደለም። ታሪኩ የበራሪው ነው፤ ለመኮንኑ የደረሱት ከየገጹ አንድ ሁለት ሥዕሎች ብቻ ናቸው። ግን እሱ ብቅ ሲል በራሪው ራሱ መሬት ይወርዳል። ይህን ሳይ የቤታችን ነገር ሁሉ ትዝ አለኝ።

አባቴ ጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ ነበር። ማዕረጉ ስሙን ውጦት አገሩ ሁሉ ሃምሳ አለቃ ነው የሚለው፤ እናቴም ጭምር። እዚህ ወረቀት ላይ «እሱ» እያልኩ የምደፍረው ስለሌለ ነው እንጂ በሕይወት ሳለ አንቱ ነበር። ጋቢው ሲታጠፍ ጠርዙ ከጠርዝ ካልገጠመ ተፈትቶ እንደገና ይታጠፋል። ምሳ በሰዓቱ ነው፤ እንግዳ እንኳ ቢመጣ ሰዓቱ አይነቃነቅም። መትቶኝ አያውቅም፤ አያስፈልገውም ነበር። ጉሮሮውን ሲጠርግ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁሉ ቀጥ እንላለን፤ ድመቷ እንኳ ትነሳለች እያለች እናቴ ታሾፍ ነበር፣ እሱ በሌለበት። እኔ እፈራዋለሁ፤ ከመፍራቴም በላይ እንደ ታቦት አየዋለሁ።

በዚያ ክረምት የእኔ ጉዳይ አንድ ብቻ ነበር። መካነ ሰላም ትምህርት ስምንተኛ ላይ ያበቃል፤ ዘጠነኛ ክፍል ያለው ደሴ ነው። የሚኒስትሪ ውጤት መጣ፤ አለፍኩ። እናቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት አባቴ ወረቀቱን አይቶ መለሰልኝና ደሴ ብቻዋን የምትኖር ልጅ የለችኝም አለ። በቃ። እናቴ አንድ ቀን ራት ላይ ነገሩን ልታነሳ ሞክራ ነበር፤ እሱ ቀና ብሎ አያት፤ እሷም ወጡን ጨመረችለት። የክፍል ጓደኞቼ ወንዶቹ ስንቅ ሲያሰናዱ እኔ በግ እየቆጠርኩ የመስከረምን መምጣት እጠላ ጀመር።

መጽሔቱን የማነበው ከበረቱ ጀርባ ነው። አንድ ቀን ዝናቡ ሲያባራ ቀና ብል ሃምሳ አለቃ ከፊቴ ቆሟል። እጁን ዘረጋ፤ ሰጠሁት። እሳት ውስጥ ይጥለዋል ብዬ ጠበቅሁ። ገለጥ ገለጥ አደረገና አንድ ገጽ ላይ ቆመ።

መኮንን ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። የትኛው አገር ጦር እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አላውቅም አልኩ። መጽሔቱን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ሄደ።

በማግስቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ መነጽሩን አድርጎ የሰውየውን አለባበስ ሲፈትሽ አገኘሁት። ደስ አላለውም። ኒሻኑ የተሰካው ያለ ቦታው ነው፤ ቀበቶው ላልቷል፤ ቆቡ ተንጋዷል። እንዲህ ያለ ሰው ጭፍራ እንዴት ያዛል እያለ አጉረመረመ። ቢሆንም መጽሔቱን አልለቀቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ እየጠራኝ አንድ አንድ ገጽ አስተረጎመኝ። በበራሪው በኩል ቶሎ ቶሎ እንዳልፍ ያደርገኝና መኮንኑ ጋ ስደርስ «ምን አለ?» ይላል። የማላውቀው ቃል ሲያጋጥመኝ በግምት ልሞላው ሞክሬ ነበር፤ ያላየሽውን ሪፖርት አታድርጊ ብሎ ከለከለኝ። ስለዚህ የማላውቀውን አላውቅም እያልኩ ሄድን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ላይ መኮንኑ ሕፃን ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ይታያል። ልጅቱ ታድጋለች። ከበራሪው ጋር ትተዋወቃለች፤ ርቃ መሄድ ትፈልጋለች። ወታደሮች ይተኩሳሉ፤ አንድ ትልቅ ሕንፃ ይፈርሳል። በመጨረሻው ገጽ አባትና ልጅ የግቢያቸው በር ላይ ይጨቃጨቃሉ፤ እሷ ትወጣለች፤ በሩ ይዘጋል፤ መኮንኑ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ቀሪው በሚቀጥለው እትም ይላል። የሚቀጥለው እትም ደግሞ መካነ ሰላም አይመጣም።

አባቴ ያንን የመጨረሻ ሥዕል ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መጽሔቱን ዘጋና መኮንን ቃሉን አያጥፍም አለ። በሰውየው ላይ የነበረው ቅሬታ ሁሉ የተነሳለት መሰለኝ። እኔ ግን ሠዓሊውን ረገምኩት፤ ባሕር ማዶ ተቀምጦ የኔን በር ዘጋብኝ።

ጎረቤታችን ቁርኣን የሚያቀሩ ሽማግሌ ሼህ ነበሩ። ከአባቴ ጋር የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው፤ አሰላሙ አለይኩም ብለው ይገባሉ፣ አባቴ በክርስቲያን አፉ ወአለይኩም ሰላም ብሎ ይቀበላቸዋል፣ ከዚያ ስለ ዝናብና ስለ በግ ያወራሉ። በዚያ ሳምንት አንድ ቀን መጥተው አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ መጽሔቱ አጠገባቸው ነበር። አነሱት። ማንም ምንም ሳይላቸው ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበበው የዓረብኛ ኪታባቸው ከኋላ ገለጡት፤ ጣታቸውን የቀኙ ጫፍ ላይ አድርገው ሥዕሎቹን እያዩ ያነቡልን ጀመር።

እስካሁን ሳስበው ገላዬን ውርር ያደርገኛል። በሼሁ ንባብ መኮንኑ መጀመሪያ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ይኼ ሰው ተቆጥቷል አሉ። ቀጥሎ የተዘጋው በር ተከፈተ፤ ልጅቱ ገባች። ተጨቃጨቁ፤ ከዚያ የአባትየው እጅ ወረደ፤ ከዚያ አብረው ሻይ ጠጡ። ገጹ ሲገለጥ ፈርሶ የነበረው ሕንፃ ድንጋይ በድንጋይ ተነሥቶ ቆመ። ጥይቱ ወደ አፈሙዙ ተመለሰ፤ ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ሰፈራቸው ሄዱ። ሰማይ ላይ የነበረው ጎልማሳ ቀስ እያለ ወረደ፣ ቀዩን ጨርቅ አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ከተተው፣ ተራ ኮት ለብሶ እንደ ሰው ወደ ሥራው ገባ። ሼሁ አይቸኩሉም፤ እያንዳንዱ ሥዕል ላይ እየቆሙ ያደንቃሉ። እናቴ ሊጥ የነካው እጇን እንደያዘች ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ ያንን መጽሔት በቃሌ አውቀው ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ውስጡ እንዳለ ግን አላየሁም። በመጨረሻ ልጅቱ እያነሰች እያነሰች መጥታ የአባቷ ትከሻ ላይ ወጣች።

«ሱብሃነላህ» አሉ ሼሁ ዝግ ብለው። «ኸይር ያለበት ኪታብ ነው።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ፈረንጅ የሚጀምረው ከግራ እንደሆነ፣ የኛም ፊደል እንደዚያው እንደሆነ፣ ስለዚህ ነገሩ እንደተገለበጠባቸው በትሕትና አስረዳቸው። ሼሁ መጽሔቱን አገላብጠው አዩት።

«እኔ ያየሁትን ነው የቀራሁት፣ ሃምሳ አለቃ» አሉት። «በቀኝ የጀመሩት ነገር ፍጻሜው ያምራል።» ከዚያ የሶላት ሰዓት ደርሷል ብለው ተነሡ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ስለ መጽሔቱ አላነሳም። እኔን ለትርጉም መጥራቱንም ተወ። አንዳንዴ ግን ደጃፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ መጽሔቱን ከፊት ገልጦ ያይና፣ መልሶ ደግሞ ከኋላ ሲገልጠው አየው ነበር።

የትምህርት መክፈቻው ሲቃረብ አንድ ጧት አጥር ሲያጥር ጠራኝ። ሄጄ ፊቱ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። «አሳርፊ» አለኝ፣ ቀጥ ብሎ ለቆመ ወታደር እንደሚባለው። ተወልጄ እስካድግ ይህን ቃል ለኔ ብሎት አያውቅም፤ እግሬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«ያ መኮንን» አለ፣ ልጡን እየጎተተ። «የትኛው ነው ትክክሉ? ያንቺ ነው የሼሁ?»

ስለ መጽሔት እንዳልጠየቀኝ ወዲያው ገባኝ። ደሴ ምላሴ ላይ ነበረች። የሼሁ ነው ብል ማን ይከሰኛል? የታላቅ ሰው ንባብ ነው፤ ውሸትም አይባል ይሆናል። የሼሁ ልል አፌን ከፈትኩ። እሱ ሥራውን አቁሞ ይጠብቀኛል። ያንን ፊት እያየሁ ያላየሁትን ማለት አቃተኝ።

«ከግራ ነው፣ አባዬ» አልኩ። «መጨረሻው በሩ ይዘጋል።»

«ላንቺ የሚበጅሽ የትኛው ነበር?»

«የሼሁ።»

ዕንባዬ መጣ፤ ወታደር ፊት እንደማይለቀስ ስለማውቅ ዋጥኩት። እሱ ከእኔ ወደ አጥሩ ዞረና እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው በማላውቀው ዝግ ያለ ድምፅ ማውራት ጀመረ። በወታደርነቱ ዘመን በየጦር ሰፈሩ በር ላይ የሚቆሙ ልጃገረዶች እንደነበሩ ነገረኝ። ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለዘመድ ተብለው ከየአገራቸው ወጥተው እዚያ የቀሩ ናቸው። አንዷ የጎረቤታችን የአጅባር ልጅ ነበረች፤ በአነጋገሯ አወቃት። እንዳታየው ቆቡን ዝቅ አድርጎ አለፋት።

«ሁሉም አባት ነበራቸው» አለ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ይህ ጥይት ያልመለሰው ሰው፣ አገር የሚፈራው ሰው፣ ክረምቱን ሙሉ ሲፈራ ነበር የከረመው። የሚፈራውም ለእኔ ነበር። እኔ ቁጣ ብዬ የኖርኩበት ነገር ይህ ነበር ለካ፤ አባቴ ከፊቴ ቆሞ በዓይኔ እያየሁት ገዘፈብኝ።

«እኔ በሌለሁበት» አለኝ ዞሮ፣ «አንቺን የሚጎዳሽ ቢሆን እንኳ፣ አሁን እንደነገርሽኝ እውነቱን ትነግሪኛለሽ?»

«እነግርዎታለሁ።»

«የሚያሳፍር ቢሆንም?»

«ቢሆንም፣ አባዬ።»

ልጡን አጥሩ ላይ ጠመጠመ። ነገ ገበያ እንደሆነ፣ ከእናቴ ጋር ወርጄ ጫማ እንድለካ ነገረኝ። ሽፍን ይሁን አለ፤ ክፍት ጫማ ለደሴ ብርድ አይሆንም፤ መንገዱም የሌጋምቦን ውርጭ የሚያቋርጥ ነው፤ እስከ አቀስታ ድረስ በበቅሎ ራሱ ይወስደኛል፣ ከዚያ መኪና አለ። ሁሉንም የተናገረው ለጭፍራ ትእዛዝ እንደሚሰጥ ሰው ነው። እኔ ግን ተገትሬ ቀረሁ። ጉልበቱን ስሜ እግሩ ላይ ልወድቅ አሰብኩ፤ አልደፈርኩም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ። «ሂጂ።»

ጎንበስ ብሎ ልጡን ሊቋጥር ሞከረ። አመለጠው። እንደገና ያዘው፤ አሁንም አመለጠው። ልይዝለት እጄን ዘረጋሁ፤ ቀና ሳይል በክርኑ መለሰኝ። ሂጂ ተብያለሁና ሄድኩ።