ከወደቀው ሾላ ሁለት መቶ ሜትር

ብስክሌት አከራያለሁ። ከሊሞን ወደብ ወረድ ብላ ባለችው በዚህች የባሕር ጠረፍ ከተማ፣ ሻንጣቸውን በጀርባቸው አዝለው የሚመጡ ወጣቶች ሁሉ በኔ ደጅ ነው የሚያልፉት። ጠዋት ተደስተው ይሄዳሉ፣ ከሰዓት ተመልሰው ይጮሁብኛል። "ሾላው የለም እኮ!" ይሉኛል። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ወረቀቱን የጻፈችው ጎረቤቴ ኤድሊን ናት።

ኤድሊን አልጋ ታከራያለች። ለእንግዶቿ ሁሉ በገዛ እጇ የጻፈችውን ወረቀት ትሰጣለች፦ የት እንደሚዋኙ፣ ካካዎ ሲቆላ የት እንደሚያዩ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ሩዝና ባቄላ የማን ቤት እንደሚጥም። እኛ ዘንድ ደግሞ ቦታ በመንገድ ስም አይጠራም። "ከሾላው መቶ ሜትር ወደ ባሕሩ" ነው የሚባለው። ሾላው በመሬት መንቀጥቀጡ ጊዜ ወደቀ፣ ባቡር ጣቢያው ፈረሰ፣ ዳቦ ቤቱም ባለቤቱ ሲሞት ተዘጋ። እኛ ግን አሁንም በነሱ ነው የምንጠቁመው። ለእንግዳ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ መከራ ነው።

ልጇ ሻርሊን ከዋና ከተማው ከሳን ሆሴ በመጣች ቁጥር በዚህ ወረቀት ይጨቃጨቃሉ።

"እማዬ፣ በሌለ ዛፍ ሰው ትመሪያለሽ?"

"ይጠይቁ! አፍ የላቸውም?"

ባሏ ሴልቪን ጥግ ላይ ተቀምጦ በሁለቱም ይስቅ ነበር። ያ ድሮ ነው።

ሴልቪን ዓሣ አጥማጅ ነበር። ዋና ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ወርውሮኝ፣ እግዜር ይስጠው! ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ በመጨረሻ የቤቱን መንገድ። ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ፖሊስ መለሰው። ያኔ ሻርሊን ቁርጧን ተናገረች። "አንድ ጊዜ ደግሞ ከጠፋ፣ ሳን ሆሴ እወስደዋለሁ። እንደሱ ያሉ ሽማግሌዎች የሚጠበቁበት ግቢ አለ፣ በሩም ይቆለፋል።" ኤድሊን እኔ ዘንድ መጥታ፣ "ባሕሩን ሳያይ አንድ ሳምንት አይቆይልኝም" አለችና ተንሰቀሰቀች። ምን ልበላት? እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሴልቪን የለም። በሩ ገርበብ ብሏል። እኔ በብስክሌት፣ ኤድሊን በእግሯ፣ ያልገባንበት ጉራንጉር የለም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባዶ እጃችንን ተመለስን። ለቅዳሜና እሑድ መጥታ የነበረችው ሻርሊን ለፖሊስ ደውላ፣ የአባቷን ሻንጣ አውጥታ ሸሚዞቹን ትከታለች። እያነባች ነው የምትከተው፤ ክፉ ልጅ አይደለችም።

ለካ ሴልቪን ባሕሩ ዳር፣ አዲሱ መጠጥ ቤት አጠገብ ግራ ተጋብቶ ቆሞ ኖሯል። ያገኘውን ሁሉ ሾላው የት እንደሆነ ይጠይቃል፣ ሁሉም "እዚህ ሾላ የሚባል የለም" ይሉታል። በዚህ መሀል ፌምከ፣ በዋዜማው እኔ ላይ የጮኸችው የሆላንድ ልጅ፣ የኤድሊንን ወረቀት ይዛ ደረሰች።

"አባባ፣ ሾላው የት ጋ ነው?"

ፊቱ በራ፣ አለች ፌምከ በኋላ ስትነግረን። "አንቺም ጠፋሽ? አይዞሽ የኔ ልጅ።"

ወረቀቱን ተቀብሎ ከግርጌ ያለችውን አነበበ፦ "ቤት ለመመለስ፣ ከሾላው ሁለት መቶ ሜትር ወደ ባቡር ጣቢያው፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት።"

"ይሄማ የሚስቴ ጽሕፈት ነው" አላት። እጇን ይዞ ሄደ። ሾላው በነበረበት በኩል ዞረ፣ በሌለው ጣቢያ ታጠፈ፣ አንድ እርምጃ አልሳተም።

ኤድሊን በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሲያያት ባርኔጣውን አወለቀ።

"ይቅርታ እመቤቴ። ይቺ ልጅ መንገድ ጠፍቷት ነው። አልጋ ይኖርዎታል?"

ኤድሊን ከንፈሯን ነከሰች።

"አለ" አለችው።

"ለኔስ? እኔም ደክሞኛል።"

"ላንተማ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ተይዟል። ግባ።"

"እንግዲያው ጥሩ ቤት ነው" ብሎ ገባ፤ የሚቀመጥባት ጥግ ሄዶም ቁጭ አለ።

እኔ የሰንሰለት ዘይት ዓይኔ ገባ ብዬ ዞር አልኩ። ሻርሊን ሻንጣውን ብድግ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ መልሳ ስትሰቅል በመስኮት አየኋት።