እጅሽን አንሺ

የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናው ሁለት ቀን ነበር። ከብረታ ብረት ወርክሾፑ አንድ ሰው ይላክ ሲባል ወንዶቹ በሙሉ ሥራ በዛብን አሉ፤ ፎርማኑም ብትቀር ሥራ አይበደልም ብሎ የጽዳት ሠራተኛዋን ላከ። እሷ ግን ደብተር ይዛ ሄዳ የተባለውን አንድም ሳታስቀር ጽፋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ከሠራተኞቹ አንዱ፣ በያጁ፣ «ዶክተር፣ ጥርሴን አመመኝ» እያለ መውጫ መግቢያ አሳጣት። «የሚነቀለውስ ምላስህ ነው» ትለዋለች። ከሠላሳ ሠራተኛ መሀል ደህና አደርሽ የሚላት እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ መከለያ የሌለው የብረት መቁረጫ ግራይንደር ዲስክ ተሰብሮ በያጁን ብሽሽቱ ላይ መታው። ደሙ ፈነዳ። ወንዶቹ ከበው ይጮኻሉ። እሷ መወልወያዋን ወርውራ የእርዳታ ሳጥኑን አወረደች። ጭኑ ቢሆን ከበላዩ ጠፍንጎ ማሰር ይቻል ነበር፤ ብሽሽት ግን ማሰሪያ አይይዝም። ስለዚህ ፋሻውን ቁስሉ ውስጥ እስከ ጥግ ጠቀጠቀችና በሁለት መዳፏ፣ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። ደሙ ቀነሰ፤ ቀጥሎም ቆመ።

«ዶክተር፣ አደራ» አላት በያጁ።

«አለሁ። አልለቅህም።»

አምቡላንስ ተጠርቷል፤ የቀረው መጠበቅ ብቻ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ቁስል ካላየ አይሆንለትም። የመጣው ሁሉ «እስቲ ይታይ!» ይላል፤ እሷ «አይነካም!» እያለች መለሰቻቸው። በመጨረሻ ፎርማኑ መጣ።

«እጅሽን አንሺ፣ ልየው።»

«ጋሼ፣ ከተነሳ እንደገና ይፈሳል። ሐኪም እስኪመጣ አይነሳም ተብለናል።»

«አንቺ ነሽ እኔን የምታስተምሪኝ? አንሺ አልኩሽ!»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህ ሰው አንሺ ሲላት አንስታለች፣ አስቀምጪ ሲላት አስቀምጣለች። እጇ ሳታስበው ታዘዘ። ፎርማኑ ፋሻውን መዝዞ አየ። ምን እንዳየ እሱ ይወቅ፤ ራሱን ይዞ ዞር አለ። እሷ እንደገና ብትጠቀጥቅ፣ ብትጫን፣ ደሙ እምቢ አለ። አምቡላንሱ ሲደርስ የበያጁ ትንፋሽ ቆሞ ነበር።

ለቅሶ ቤት ፎርማኑ ከፊት ተቀምጦ «ያልሞከርነው ነገር የለም» እያለ ያወራል። ሠራተኞቹ አጎንብሰው ንፍሮ ይቆረጥማሉ። የበያጁ ሚስት የጽዳት ሠራተኛዋን እጅ ያዘች።

«ይዘሽው ነበር አሉኝ፣ እህቴ። ደሙም ቆሞ ነበር አሉኝ። ምነው ታዲያ ለቀቅሽው?»

ፎርማኑ ወሬውን አቋርጦ የጽዳት ሠራተኛዋን አያት። እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። ነገ ጠዋት ግን ሥራ ትገባለች።

«ደከመኝ» አለች።