እናት ከፕሪንተር ጋር አትጻፍም

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ናሆም በትከሻዬ በኩል አጎንብሶ ስክሪኔን ሲያይ ቆየና፣ «ይቺ ‹አባባ› የምትለዋ የትኛዋ ሰርቨር ናት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ናሆም ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ሰርቨርና ኔትወርክ የምንጠብቀው ሁለታችን ነን። እሱ ገና መጀመሩ ነው፤ እኔ ስለ ጡረታ የሚወራ ነገር ሲሰማ ጆሮዋ የሚቆም ሴት ሆኛለሁ። ማን ምን እንደጠየቀን፣ ማናችን እንደያዝነውና ማለቅ አለማለቁን የምንመዘግብበት ፕሮግራም አለን። እዚያ ላይ በእኔ ስም ሥር፣ በየሐሙሱ፣ ከሁሉም በላይ «አባባ» የሚል ተጽፏል። የኛ ሙያ ሰዎች ለሰርቨር ስም ማውጣት እንወዳለን፤ የወንዝ፣ የተራራ፣ የኳስ ተጫዋች ስም እንሰጣለን። ስለዚህ ልጁ ቢጠይቅ አልፈረድኩበትም።

«ሰርቨር አይደለም፤ አባቴ ናቸው» አልኩት።

ሳቀ። «አባት ደግሞ ከሥራ ጋር ይመዘገባል እንዴ?»

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ፒያሳ ውስጥ፣ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ።

ያኔ ኮምፒውተር ለከተማው ገና ብርቅ ነበር። ከኮሌጅ ወጥቼ የተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት ከጊዮርጊስ ቁልቁል ሲወረድ ባለ አንድ የጣሊያን ሕንፃ ላይ ነበር። ደረጃው እንጨት ስለሆነ ሰው ሲወጣ ከሩቅ ይሰማል፤ እኛም ከእርምጃው ማን ሊያስቸግረን እንደመጣ ለመለየት ብዙ አልፈጀብንም። «ኮምፒውተር ክፍል» የተባለው የድሮ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። መስኮቱ ጠባብ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግድግዳው ያልባል፤ መብራት ሲጠፋ የባትሪው ሳጥን ሰሚ እስኪያገኝ ይጮኻል። አለቃዬ ጋሽ ወልዴ ይባላሉ። አርባዎቹን ያጋመሱ፣ ቀጭን፣ ከወልቂጤ ወዲያ ካለ የገጠር መንደር መጥተው በማታ ትምህርት ራሳቸውን ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሲበዛ ደግ ነበሩ። ይህን የምለው ለምስጋና ብቻ አይደለም፤ ደግነታቸው ያናድደኝ ነበር።

ጋሽ ወልዴ እምቢ ማለት አይችሉም። ጠዋት ጠዋት ከሕንፃው ሥር ካለችው ኬክ ቤት ባንኮኒ ተደግፈው ማኪያቶ ይጠጣሉ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ይህን ያውቃል። አንዱ ይመጣና ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃቸዋል፤ ሒሳቡን ይከፍላል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ጋሽ ወልዴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር» ይላል። አንዱ ነገር ፓስወርድ የረሳ ነው፣ ወረቀት የሚበላ ፕሪንተር ነው፣ ቫይረስ የገባበት ዲስኬት ነው። እሳቸው «እሺ፣ ምን ችግር አለ» ይላሉ። ደረጃውን ሲወጡ ጭንቅላታቸው ሞልቶ ነው የሚመጡት። ከዚያ ቀኑን ሙሉ አንዱን ሥራ ጀምረው ሌላው ሲጠራቸው እየጣሉ፣ የጣሉትን ሲያስታውሱ እየሮጡ ይውላሉ። ሲመሽ ሁሉም ነገር ተነክቷል፤ ያለቀ ነገር ግን የለም።

ያን ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ታናሽ ወንድማቸው ከወልቂጤ ስልክ ደወለላቸው። እኔ ነኝ ያነሳሁት። ከተነጋገሩ በኋላ መነጋገሪያውን አስቀምጠው ዝናቡን ሲያዩ ቆዩ።

«ምነው ጋሼ? ደህና አይደሉም?»

«እናቴ መርሳት ጀምራለች አለኝ» አሉ። «የጎረቤቶቿን ስም ትረሳለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እሱን በአባታችን ስም ጠራችው። ‹ለዘንድሮ መስቀል ሳትመጣ እንዳትቀር፤ አንተን ገና አልረሳችህም› አለኝ።»

መስቀል ለእሳቸው አገር ሰው ምን እንደሆነ ፒያሳ ለሚያድግ ሰው አይነገርም። ሰሞኑን ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፤ አውቶቡስ ተራ በሰው ይጨናነቃል፤ ዓመቱን ሙሉ ያላየነው ሰው ሁሉ አገሩ ይገባል። ጋሽ ወልዴ ግን ለዓመታት አልሄዱም። በየዓመቱ የሚያስቀራቸው አንድ «እሺ» አለ። እናትየው ለመስቀል ካጠራቀሙት ቅቤ የልጃቸውን ድርሻ ለብቻ እያስቀመጡ፣ በመጣ ሰው ይልኩላቸው ነበር።

እኔ ያን ሰሞን አጭር ሥልጠና ወስጄ፣ እንደ አዲስ ሰባኪ ልቤ ሞቆ ነበር። ነጭ ሰሌዳ አስመጣሁና በሦስት ከፈልኩት፤ «የመጣ»፣ «የተያዘ»፣ «ያለቀ»። ማንም ምንም ሲጠይቅ መጀመሪያ እዚያ ይጻፋል። ቀኑን ደግሞ ለሁለት ተካፈልነው። ጠዋት እኔ በር ላይ ሆኜ የሚመጣውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ እሳቸው ማንም ሳይነካቸው ከባዱን ሥራ ይጨርሳሉ። ከሰዓት እሳቸው በር ላይ፣ እኔ ውስጥ። ጋሽ ወልዴ ኳስ ወዳጅ ስለሆኑ ተረኛውን «በረኛ» አሉት። «ዛሬ አንድም ጎል እንዳይገባብሽ» እያሉኝ ይገቡ ነበር።

ሰሌዳው የተሰቀለ ዕለት የመጻፊያውን ቀለም ይዤ፣ «የመስቀሉን ጉዞም ልጻፈው?» አልኳቸው። «‹ወልዴ፣ እናት ጋ› ብዬ ከላይ ላድርገው? ያን ቀን ማንም ሥራ እንዳይጨምርብዎት።»

ፊታቸው ተለወጠ። የተቀየሙ መሰለኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እናት ከፕሪንተር ጋር ትጻፋለች እንዴ? እሷ እዚህ ናት» ብለው ደረታቸውን ነኩ።

እኔም ቀለሙን ከደንኩት። ያን ጊዜ መልሱ ትክክል መስሎኝ ነበር፤ ውብም መስሎኝ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ አጉረመረመ። «ለእናንተ ሰላም ለማለትም ማመልከቻ ሊጻፍ ነው?» ያለን አለ። እኛ ግን ጸናን። ጳጉሜን አልፎ ዝናቡ ሲያባራ የተንጠለጠለው ሥራ ተራ በተራ ወደ «ያለቀ» ተሻገረ። እንቁጣጣሽ ደርሶ አደይ አበባ የያዙ ልጃገረዶች በደረጃው ሲወጡ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የጸዳ ሰሌዳ አላየሁም። ጋሽ ወልዴ ለእናታቸው ሻርፕ ገዝተው አምጥተው አሳዩኝ። ቡናማ ነበር፤ ጥሩ ምርጫ አልነበረም፤ «ያምራል» አልኳቸው።

የረሳነው ኬክ ቤቷን ነው። ባንኮኒው ላይ በረኛ አልነበረም።

ለደመራ ጥቂት ቀን ሲቀር የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ አስናቀች ደረጃውን ወጥተው መጡ። «ጋሽ ወልዴ፣ ቃላችን እንደ ቃላችን ነው አይደል?» አሉ። የዓመቱን ሒሳብ ሊዘጉ ነበር። መዝገቡ በሙሉ ከአሮጌው ማሽን ወደ አዲሱ ሰርቨር የሚዛወረው ሠራተኛው ለበዓል ሲበተን ነው። ጋሽ ወልዴ አብረዋቸው ሊሆኑ ማኪያቶው ላይ ቃል ገብተው ኖሯል። ሰሌዳው ላይ የለም።

ሴትየዋ እንደሄዱ ጋሽ ወልዴ ላይ ተነሣሁባቸው። «እኔ አለሁ አይደል? እኔ እሠራዋለሁ! ወይም ደግሞ ይንገሯቸው፤ እናቴ ታማለች ይበሉ።»

«ልጄ በታመመ ጊዜ ሆስፒታል ያመላለሰችን እሷ ናት፤ በገዛ መኪናዋ» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን አንድ ነገር ስትለምነኝ እናቴን ምክንያት ላድርግ? ነውር ነው። የመስቀል ሰሞን ረጅም ነው፤ ሥራው እንዳለቀ እበራለሁ።»

እኔ ወጣት ነበርኩ፤ ከዚህ በላይ መናገር አልቻልኩም። ደመራው ጊዮርጊስ ደጅ ሲለኮስ ጋሽ ወልዴ አሮጌው ማሽን ፊት ተቀምጠው ነበር። ጭሱ በጠባቡ መስኮት ገባ። መዝገቡ ግማሽ ድረስ ከተዛወረ በኋላ የአሮጌው ማሽን ዲስክ ተበላሸ። ተጠባባቂ ቅጂው፣ ባክአፑ፣ የቆየ ስለነበር የጎደለውን ከወረቀት እያነበቡ እንደገና ማስገባት ግድ ሆነ። ጋሽ ወልዴ መንገድ ሳይጀምሩ መስቀል አለፈ፣ የመስቀል ሰሞንም አለፈ። አውቶቡስ የተሳፈሩት ጥቅምት ገብቶ፣ ብርዱ ጠንክሮ፣ ፒያሳ ላይ የበቆሎ እሸት ጠብሰው የሚሸጡት ሴቶች ከጠፉ በኋላ ነው።

ሲመለሱ ጠዋት ኬክ ቤት አልገቡም። ቀጥታ ወደ ክፍላችን ወጡና በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የቅመም ቅቤ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

«እንዴት ናቸው?» አልኩ።

«ደህና ናት። በደንብ ተቀበለችኝ» አሉ። «‹ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ› አለችኝ።»

አልገባኝም ነበር። ቀጠሉ።

«ቆጮ ቆርሳ አቀረበችልኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። አዲስ አበባ ስላት ደስ አላት። ‹እዚያ ልጅ አለኝ፤ ወልዴ ይባላል፤ ያውቁታል?› አለችኝ። አውቀዋለሁ አልኳት። ‹ለመስቀል ስጠብቀው ነበር። ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ እሱ የሚቀር ልጅ አይደለም› ብላ ለእኔ ይቅርታ ጠየቀችልኝ። ስወጣ ይቺን አስያዘችኝ። ‹ካገኙት ይስጡልኝ፤ የሱ ድርሻ ናት› አለች።»

ቅጠሉን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ወንድምየው እንደነገራቸው ከሆነ፣ በመስቀል ዕለት እናትየው ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ተቀምጠው «ወልዴ» እያሉ ሲጣሩ ውለዋል። ያን ቀን ጋሽ ወልዴ ቢደርሱ ኖሮ ያውቋቸው ነበር። እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም። ወይዘሮ አስናቀች ነገሩን ሲሰሙ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው፣ «ምነው አንድ ቃል ቢነግረኝ! በገዛ መኪናዬ አደርሰው አልነበር!» እያሉ ተንሰቀሰቁ። እውነታቸውን ነው፤ ያደርሷቸው ነበር።

በማግሥቱ ስገባ ሰሌዳው ላይ፣ «የተያዘ» ከሚለው ሥር፣ ከፕሪንተሩና ከፓስወርዱ በላይ፣ በጋሽ ወልዴ እጅ «እናቴ» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ወዲያ ወር በገባ ቁጥር ይሄዱ ነበር። ማኪያቶ ላይ የሚያግባባቸው ሰው ሲመጣ፣ «ቆይ፣ ሰሌዳውን ልየው» ማለት ለመዱ። አንድ ጊዜ እዚያ ሄደው ምን እንደሚሉ ጠየቅኳቸው።

«ከልጅዎ መልእክት ይዣለሁ እላታለሁ» አሉኝ። «ደስ ይላታል። እንግዳ ትወዳለች።»

ያቺ ቃል ወደ «ያለቀ» ሳትሻገር ብዙ ቆየች። በሌላ ክረምት አንድ ጠዋት ስገባ ጠፍታለች። ጋሽ ወልዴ ጥቁር ከረባት አስረው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የሰሌዳው ማጥፊያ ጨርቅ በእጃቸው ነው። ቀለሙ ብዙ ከመቆየቱ የተነሳ ጨርቁ ጨርሶ አላነሳውም ነበር። ሰሌዳውን እስከተጠቀምንበት ድረስ፣ በላዩ ሌላ ነገር ስንጽፍ፣ ከሥር ፈዞ ይታይ ነበር።

ዛሬ ሕንፃውም ኬክ ቤቷም የሉም። በቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድና አዲስ መብራት አለ፤ ያምራል ይላሉ፤ እኔ ሳልፍበት የት ጋ እንደነበርን እንኳ መለየት ያቅተኛል። ጋሽ ወልዴም ካረፉ ቆዩ።

ለናሆም ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። «ፕሪንተሩ ሲበላሽ የሚደውል ሰው አለው፤ አባቴ ግን አይደውሉልኝም» ብቻ አልኩት። ቦርሳዬን ሳነሳ የሥራ ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ ወስዶ፣ «እኔ በረኛ ነኝ፤ ይሂዱ» አለኝ። ቃሉን ከእኔው የለመደው ነው።

አባቴ እሪ በከንቱ ሰፈር፣ ካልፈረሱት ጥቂት ቤቶች በአንዱ ይኖራሉ። ከፒያሳ በእግሬ ወረድኩ፤ የሚወዱትን ለስላሳ ዳቦ ገዛሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ሐሙስ ስለ እናቴ ሲያወሩ ስሟን ፈልገው አጥተውት፣ «ያቺ...» ብለው ተዉት። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ሻይ ቀዳሁ።

የቆርቆሮውን በር አንኳኳሁ።

«ማነው?» አሉ ከውስጥ።

በር ሲንኳኳ ማንም እንዲህ ይላል። «እኔ ነኝ አባባ» አልኩና፣ ድምፄን ይለዩት እንደሆነ ቆሜ ጠበቅሁ።