የታጠፉ ጣቶች

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ሁልጊዜ መስኮቱን ይዘው ነው የማገኛቸው። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው ይባላል፤ ስማቸውን የሚያውቅ ግን አላጋጠመኝም። በዚህ ሙቀት ኮታቸውን አያወልቁም። ባርኔጣቸውን አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ያስቀምጣሉ፤ ረዳቱ "አባባ፣ ሰው ይቀመጥበት" ካላላቸው አያነሱትም።

ዛሬ እዚያ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከፊታችን አንድ ባጃጅ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። የታርጋውን መጨረሻ አይተው "ሃያ አንድ" አሉ። "ሦስት ጊዜ ሰባት። ከዚህ ወዲያ አይበተንም።" ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ሌባ ጣታቸውንና የቀለበት ጣታቸውን አጠፉ።

ጸሎት ይሁን ሕመም ግራ ገባኝ።

"ምን እያደረጉ ነው አባባ?"

"ቁጥሩን በአንድና በዜሮ እየጻፍኩት ነዋ። የተዘረጋ ጣት አንድ ነው፣ የታጠፈ ዜሮ። ትንሿ አንድን ትቆጥራለች፤ ቀጣዮቹ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፤ አውራ ጣት አስራ ስድስት። ቁጥሩን መበተን የእኔ ድርሻ ነበር፤ ጣቱ የእሷ።"

"የማን?"

"ባርኔጣዬን የማኖርበት ወንበር ላይ ትቀመጥ የነበረችው።"

ከላይ ሌላ ባጃጅ ወረደ። "አስራ አምስት። ሦስት ጊዜ አምስት" አሉና የራሳቸውን እጅ ትተው የእኔን ያዩ ጀመር። ምን እንደሚጠብቁ እንኳ በቅጡ አልገባኝም። ቢጨንቀኝ እጄን ዘርግቼ ትንሿን ጣቴን አጠፍኩ።

እጄን ያዙ። ትንሿን ቀስ ብለው አቀኑና አውራ ጣቴን አጠፉት።

"እሷም መጀመሪያ ትንሿን ነበር የምታጥፈው" አሉ።

ሴቻ ደርሰን ሰው ሁሉ ሲወርድ እጄን ገና አልለቀቁም።